ሠላሳ ቀን ያለ ፓፍ

ሰውየው ሞቶ የተገኘው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በማስታወቂያ ስቱዲዮው ሜካፕ ክፍል ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለሶፋው አስደግፏል። የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰው አጠገቡ ወድቀዋል። ፊቱ ግን የጤነኛ ፊት ነው፤ ጉንጩ ቀላ ብሏል፣ ከንፈሩም ወዝ አለው። የአስከሬን ሐኪሙ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ከንፈሩን ሲጠርገው ከቀለሙ ሥር ሰማያዊ ወጣ።

«አየር አጥሮት ነው የሞተው» አለ ሐኪሙ። «አስም ነበረበት። ያውም ከባድ።»

«ሳንባው?» አለ ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ እንደቆመ። «ሳንባው ድኗል'ኮ!»

ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ አየችው። ሃምሳ አለቃው ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው፣ አፉ ከሐሳቡ የሚቀድም ሰው ነው።

ሳንባው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ድሮ ቤት ቀቢ ነበር፤ የቀለም ሽታ አስሙን ሲያብስበት ሥራውን ተወ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ፎቶው በየአውቶቡሱ ጎን ተለጥፏል፤ ደረቱን ነፍቶ፣ የእጅ ባትሪ የምታህል ጥቁር ዕቃ ይዞ ይስቃል። ዕቃዋ ማትነኛ ትባላለች። የናናና የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠል ይጠቀጠቅባትና ሳታቃጥል ታሞቀዋለች፤ ሰው እንፋሎቱን ይስባል። ከፎቶው በታች «ጭስ የለም፣ ጉዳት የለም» ይላል። ሰዉም የሰውየውን ስም ትቶ ሳንባው ይለው ጀመር።

ያቺው ማትነኛ አሁን በቀኝ እጁ ውስጥ ናት። ሃምሳ አለቃው ደግሞ ተንበርክኮ ከሶፋው ሥር ሰማያዊ የአስም ፓፍ አወጣ። ፓፉ ጀርባው ላይ ስንት መንፋት እንደቀረ የምትቆጥር ትንሽ መስኮት አለችው። ሦስት ዜሮ ይነበብባታል።

«ያለ መድኃኒት ድኛለሁ የሚል ሰው ፓፍ ምን ያደርግለታል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ጓንቷን አጥልቃ ማትነኛዋን ከፈተች። ቅጠሉ እስከ አፉ ተሞልቷል፣ ቀለሙም ገና አልጠቆረም፤ ክዳኑ በሚገባ ገጥሞ ነበር። የሚሳብበት ጫፍ ላይ ሮዝ የከንፈር ቀለም ተነካክቷል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይቺን ዕቃ ያውቋታል?»

ሃምሳ አለቃው ጆሮውን አከክ አደረገና ከኪሱ የራሱን አወጣ። «ሲጋራ ላቁምባት ብዬ ነው። ሚስቴ ናት የገዛችልኝ።»

«አቆሙ?»

«አሁን ሁለቱንም ነው የምስበው።»

«በሉ ከባዶ ጀምረው ሞልተው ያሳዩኝ።»

ቅጠሉን በጣቱ አደቀቀ፣ ጠቀጠቀ፣ ክዳኑ አልገጥም እንዳይል ጠርዙን ጠረገ፣ አዞረ፣ ቁልፉን ተጭኖ አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ጠበቀ። ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

«ትንፋሽ አጥሮት የሸሚዙን ቁልፍ የሚበጥስ ሰው ጠርዝ ይጠርጋል?»

«የእናቱን ስምም አያስታውስ፣ እንኳን ጠርዝ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ነው የሞላለት» አለች። «ይህ ሰው ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበር።»

*

የማትነኛው ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ተቀበላቸው። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ ወረቀት አለ፤ በትልቁ «በመቶ ዘጠና ዲግሪ ጭስ አልተገኘም» ይላል፤ ከሥሩ የላቦራቶሪ ማኅተም።

«ምን ስትቀርጹ ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሠላሳ ቀን ያለ ፓፍ የሚል ማስታወቂያ። አራት ፎቅ በሩጫ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ማትነኛውን ስቦ ይስቃል። እንዲህ ቀላል ነገር ነው።»

«ስንት ጊዜ ሮጠ?»

«አራት።»

«አስም ያለበት ሰው?»

«የነበረበት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የመጨረሻው ሩጫ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ከዚያ እኔ ከሦስት አከፋፋዮች ጋር ታች ምግብ ቤት ነበርኩ። ሦስቱንም ጠይቂያቸው።»

«ጠዋት ተጣልታችሁ እንደነበር ካሜራማኑ ነግሮናል።»

«ሠራተኛና አሠሪ ይጯጯሃል፣ ምን አዲስ ነገር አለው?»

«ኪሱ ውስጥ ፓፍ እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«የሰው ኪስ አልፈትሽም። እህቴ፣ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የእኔ ዕቃ ማንንም አልገደለም። ላቦራቶሪ ያረጋገጠው ነው።» ጣቱን ወደ መስታወቱ ቀሰረ።

አከፋፋዮቹ የተናገረውን አንድ በአንድ አረጋገጡለት። ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ ለስልክ እንኳ አልተነሳም።

ካሜራማኑ በዚያ ሰዓት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከተማዋን ሲቀርጽ ነበር። ቀረጻው ራሱ ሰዓቱን መዝግቦለታል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ከጣሪያው ወርዶ ጃኬቱን ሊወስድ ሲገባ።

ሜካፕ ሠሪዋ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ነች። ሥራ ከጀመረች ሰባት ሳምንቷ ነው። «የመጨረሻው ሩጫ እንዳለቀ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ» አለች። «ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ነበርኩ። ስመለስ ጩኸት ሰማሁ።» የዳቦ ቤቷ ሻጭም አወቀቻት። «አዎ፣ እዚህ ነበረች» አለች። «ትኩስ ዳቦ ገዝታ እዚያ ጥግ ቁጭ ብላ በላች።»

*

ማትነኛዋን የመረመረው ኬሚስት በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ቆሞ ጠበቃቸው። ሃምሳ አለቃው መንገድ ላይ ደስ ብሎት ነበር፤ ምክንያቱም ከሟቹ ቦርሳ ውስጥ ኬሚስቱ የጻፈው ማስታወሻ ተገኝቷል። «በአንተ ቃል መድኃኒቱን የሚጥል ሰው ቢሞት ደሙ በእጅህ ነው» ይላል።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ ኬሚስቱ። «በዚያ ሰዓት ግን ሃያ ስድስት ተማሪ ፊት ቆሜ ነበር። ከፈለጋችሁ ስም ዝርዝሩ ይኸው።»

ከመሳቢያው አራት ገጽ ሪፖርት አወጣ። «እነሱ የሰቀሉት ይህችን አንዷን መስመር ነው። ጭስ የለም፣ እውነት ነው። ግን ሦስተኛውን አንቀጽ አንብቢው።»

ኢንስፔክተሯ አነበበች። ዕቃው በሰው ሳንባ ላይ አልተሞከረም። ትኩስ እንፋሎት ብቻውን የአስም ታማሚን የአየር ቧንቧ ሊያጠብብ ይችላል። ከአምስቱ ናሙናዎች በሁለቱ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ሲሞቅ ሽታ አውጥቷል፤ ሽታው ምን እንደሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

«ተጨማሪ ምርመራውን ሠራችሁት?»

«ማን ጠይቆን?» አለ ኬሚስቱ። «ጭስ የለም ማለት ጉዳት የለም ማለት አይደለም። ስንቴ ደወልኩ መሰለሽ! ከሁለቱ ሐረጎች መሀል ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው ያደረግነው፣ ሌላውን አንባቢው ራሱ ነው የጨመረው አሉኝ።»

ሃምሳ አለቃው ኪሱ ውስጥ ያለውን ዕቃ በጨርቁ ላይ ዳበስ አደረገ።

*

የሟቹ ሚስት እናቷ ቤት ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ እንግዶቹ ሲገቡ የስፌት መኪናውን እየረገጠች ነበር፤ እግሯን ሳታነሳ አናገረቻቸው።

«ከቤቱ ከወጣሁ አሥር ቀኔ ነው» አለች። «ፓፍ ግን እኔው ነኝ የምገዛለት። እሱ ፋርማሲ ቢገባ ሰው ያውቀዋላ! ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገዝቼ ስቱዲዮው በር ላይ ሰጠሁት።»

ደረሰኙን አሳየቻቸው። ሰዓቱ ተጽፎበታል።

«አዲስ ነበር?»

«በላስቲኩ።»

«ሁለት መቶ መንፋት ያለው ፓፍ በአራት ሰዓት ውስጥ እንዴት ባዶ ይሆናል?»

የስፌት መኪናው ቆመ። «ባዶ ነበር?» አለች።

መኪና ውስጥ ሃምሳ አለቃው «ሚስቱን እንያዛት» አለ። «ስለ ፓፉ የምታውቀው እሷ ናት። ጥላው ወጥታለች። ባዶ ሰጥታው ቢሆንስ?»

«ባዶ ቢሆን ጠዋቱን እንዴት አራት ጊዜ ሮጠ? በየመሀሉ ሳይስብ አይችልም።» ኢንስፔክተሯ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «ሰው ነው የነፋው። ቁጭ ብሎ፣ አንድ በአንድ። ፋርማሲ ጋ ያቁሙልኝ።»

ተመሳሳይ ፓፍ ገዝታ ሃምሳ አለቃውን መዝገብ ቤት አስገባችው፤ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው። ድምፅ እንዳይሰማ እርጥብ ፎጣ ላይ እንዲነፋው ነገረችው። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀበት። ሲወጣ አውራ ጣቱን እያሸ ነበር።

«እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለችው፣ የሙከራውን ሰዓት የመዘገበችበትን ወረቀት ዘርግታ።

ብዕሩን ያዘ። ፊርማው እንደ ትል ተጠማዘዘ። ሃምሳ አለቃው እጁን አገላብጦ አየው።

«እጄ ምን ሆነ? ልቤም...»

ኢንስፔክተሯ ወዲያው ለሐኪሙ ደወለች። «መድኃኒቱ ነው» አለ ሐኪሙ። «በዝቶ ወደ ውስጥ ከገባ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል። ጥቂት ሰዓት ነው፣ ያልፋል። ለምንድን ነው ያን ሽማግሌ የምታሠቃዪው?»

ስልኩን ዘግታ ካሜራማኑን አስጠራች።

«ያን ቀን ጠዋት እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው አይተሃል?»

ካሜራማኑ ወዲያው ሳቀ፤ ደግሞ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። «ከሦስተኛው ሩጫ በኋላ... ሜካፕ ሠሪዋ። ወደ ክፍሉ ሳይመለስ እዚያው ደረጃው ሥር ፊቱን ስታስተካክል ብሩሹን ዓይኑ ውስጥ ከተተችው። 'እንቅልፍ አጥቼ ነው' አለች። እሱም 'ምነው እህቴ፣ ልታሳውሪኝ ነው?' ብሎ ቀለደባት።»

«ጃኬቱ የት ነበር?»

«ሜካፕ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሎ።» ካሜራማኑ ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ሌላም ነገር አለ። ካለቀ በኋላ፣ ከጣሪያው ስትወርድ፣ ካሜራውን ክፍቱን ተወው፣ የምናገረው አለኝ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተጣሉትም በዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ሩጥ፣ ከዚያ ትለፈልፋለህ አለው።»

ኢንስፔክተሯ በእግሯ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደች። «ዳቦው ትኩስ ነበር ብለሽኛል» አለቻት ሻጯን። «ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?»

«ሁለተኛው ዙር? ስድስት ሰዓት ላይ። አንድ ቀን አሳልፈን አናውቅም።»

ስለዚህ ሜካፕ ሠሪዋ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት የት እንደነበረች የሚመሰክርላት ጠፋ።

*

«ግን ለምን?» ይል ነበር ሃምሳ አለቃው። «ሰባት ሳምንት የምታውቀውን ሰው?»

መልሱን ያመጣችው የሟቹ ሚስት ናት። በማግስቱ ጠዋት ጣቢያ መጥታ ኢንስፔክተሯ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ከጡት መያዣዋ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«የሞተ ሰው ስም አይጎተት ብዬ ነው የደበቅሁት» አለች። «ከሞተ በኋላ ቤት ገብቼ ከትራሱ ሥር ነው ያገኘሁት። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳው ይህ ነው። ተናገር፣ ካልተናገርክ አልኖርም ብዬው ወጣሁ።»

ደብዳቤው ለኩባንያው የተላከ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ በእናንተ ፎቶ ተማምና ፓፏን ጣለች፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተች፤ ሰውየው ቀና ብሎ ዓይኔን ያየኝ ዘንድ የት እንደማገኘው ንገሩኝ ይላል። መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥር አለ።

ኢንስፔክተሯ የስቱዲዮውን ሠራተኞች ቅጽ ከመዝገቡ አወጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። የሜካፕ ሠሪዋ ስልክ ቁጥር ነው።

ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በሌላ እጅ የተጻፈ ነገር ነበር።

*

ሜካፕ ሠሪዋ ስትያዝ አልተከራከረችም። ኢንስፔክተሯ ከሜካፕ ክፍሉ የተገኘውን ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ኬሚስቱ መርምሮታል። ሁለት መቶ ጊዜ የተነፋ መድኃኒት አለበት።»

«አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት ነው» አለች ሴትየዋ። «አሥራ ሁለቱን እሱ ስቦት ነበር።»

ሃምሳ አለቃው ብዕሩን አነሳ።

«ከንፈሩንስ?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቀለሙ ማትነኛው ላይ ተነካክቷል። የእሱ ከንፈር ላይ ግን ምንም አልተበላሸም።»

«ካለፈ በኋላ ደግሜ ቀባሁት። ሰማያዊ ሆኖብኝ ነበር። ፎቶው ላይ እንዳለው እንዲሆን ፈለግኩ።»

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ልጄ ፓፏን ትጠላው ነበር። ትምህርት ቤት ይስቁባታል። አውቶቡሱን አይታ 'እማዬ፣ ያ ሰውዬ ድኗል' አለችኝ። ገዛሁላት። ፓፏን ቆሻሻ ውስጥ የጣልኩት ራሴ ነኝ፤ እሷ አይደለችም። ደብዳቤው ላይ እሷ ጣለች ብዬ ዋሽቻለሁ።»

«ለፖሊስ አላመለከትሽም?»

«መጥቼ ነበር። እዚሁ ጣቢያ። ሳጥኑ ላይ ለአስም ታማሚ አይመከርም ተብሎ ተጽፏል አሉኝ። ቤት ገብቼ በአጉሊ መነጽር ፈለግኩት። እውነትም ተጽፏል፤ ከታች፣ በባርኮዱ ሥር።»

ኢንስፔክተሯ ሃምሳ አለቃውን አየችው። እሱም ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

«ሥራው የገባሁት በቅርብ ሆኜ ላየው ብቻ ነበር» አለች ሴትየዋ። «በመጀመሪያው ቀን ከበሩ ጀርባ ፓፍ ሲስብ አየሁት። ልጄን ያስጣላትን እሱ ይስባል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ቀባሁት፤ አገጩን ይዤ ቀና አድርግ፣ ዝቅ አድርግ እያልኩ። ያን ቀን አራት ፎቅ እንደሚሮጥ ሳውቅ ነገሩ በቃኝ።»

«ሲገባ ምን አደረገ?»

«ጃኬቱን ፈተሸ። ፓፉን አውጥቶ ነፋ። ደግሞ ነፋ። ከዚያ እኔን አየኝ። መናገር አልቻለም፤ በእጁ ስልኬን አመለከተኝ። እኔ 'ይኸው መድኃኒትህ' ብዬ ማትነኛውን ሞላሁለት። ቀስ ብዬ።»

«ሳበው?»

«ሁለቴ። እንደማይሠራ እያወቀ ሳበው። ሦስተኛው ላይ እጁ ወደቀ።» እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «አሁን ጻፉልኝ። ማትነኛው ነው የገደለው ብላችሁ ጻፉ። እኔን አሥራችሁ ያንን ጻፉ።»

«እሱን የገደልሽው አንቺ ነሽ።»

«ልጄንስ?»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አሁን ማሳየት ግዴታዋ አልነበረም፤ ነገ ሌላ ሰው፣ በችሎት ሰው መሀል ሊያነብላት ይችል ነበር። ግን ከመዝገቡ አውጥታ ፊቷ አስቀመጠችው።

«ይህ የኔ ነው» አለች ሴትየዋ። «ከየት መጣ?»

«ከትራሱ ሥር። ገልብጪው።»

ገለበጠችው። ኢንስፔክተሯ ጽሑፉን በቃሏ ታውቀዋለች። *እኔ አልዳንኩም። ፓፌ ይኸው በእጄ ነው። በእኔ ፎቶ አምናችሁ መድኃኒት ያቆማችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ጀምሩ። ልጇን ያጣችውን እናት...* እዚያ ላይ ያቆማል። ቀጥሎ ያሉት አራት መስመሮች ተሰርዘዋል።

«መቼ ነው የጻፈው?»

«በዋዜማው፤ ቀኑን ጽፎበታል። ካሜራ ፊት ሊናገረው ነበር፣ ከአራተኛው ሩጫ በኋላ። ስልክሽ ላይም ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ አልተነሳም።»

«የማላውቀው ቁጥር አላነሳም» አለች ሴትየዋ። «ለምን አልነገረኝም? በየቀኑ ፊቱን ስቀባው ለምን...»

«አንቺ መሆንሽን አያውቅም ነበር።»

ሴትየዋ ወደ ተሰረዙት መስመሮች ጎንበስ ብላ ለማንበብ ሞከረች። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አነሳችው፣ አዘመመችው፣ ዓይኗን አጠበበች። ሃምሳ አለቃው ሊወስድባት እጁን ሲዘረጋ ኢንስፔክተሯ በዓይኗ ከለከለችው። ሴትየዋ ብዙ ሞከረች። አንድም ቃል አልወጣላትም። ያን ጊዜ ነው ድምፅ ያወጣችው፤ ከኮሪደሩ ማዶ ያሉ ፖሊሶች በር ከፍተው እስኪያዩ ድረስ።

*

ኢንስፔክተሯ የልጅቷ ሞት በራሱ መዝገብ እንዲጣራ ጠየቀች፤ የኬሚስቱን አራት ገጽም አያይዛ ላከች። ዐቃቤ ሕጉ ልጅቷ የተጠቀመችበት ዕቃ ይቅረብልኝ አለ። እናትየዋ በቀብሩ ማግስት በመዶሻ ሰባብራ ወንዝ ጥላዋለች። ጥያቄው በማስረጃ እጦት ተመለሰ።

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ሳምንት ከጠበቃው ጋር መጣ። «ሰውየው የሞተው መድኃኒቱ ስለተወሰደበት ነው፣ አይደል?» አለ። «ዕቃዬ አልገደለውም።»

«ለአስም ታማሚ ደህና ነው የሚል ወረቀት ከእኔ አያገኙም።»

«ያንን ማን ጠየቀሽ? የሬሳ ምርመራው ውጤት ግልባጭ ይሰጠኝ፤ መብቴ ነው።»

መብቱ ነበር። ሃምሳ አለቃው ግልባጩን አተመለት።

ከአንድ ወር በኋላ በአውቶቡሶቹ ጎን አዲስ ፎቶ ተለጠፈ። ደረቱ ሰፊ፣ ጥርሱ ነጭ የሆነ ሰው ማትነኛ ይዞ ይስቃል። ሃምሳ አለቃው ማንም ሳያዘው ስለ ሰውየው አጣርቶ መጣ፤ ኢንስፔክተሯ ቢሮ ገብቶ ቆሞ ቀረ።

«የስፖርት አስተማሪ ነው» አለ። «አስም ይዞት አያውቅም።»